እማዬ፣ ንቅሳቷና የቤፑ ፍልውሃ

እማዬ ቶኪዮ ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። የምኖረው ካቱሺካ ነው፤ አበሻ የሚበዛበት የቶኪዮ ሰፈር። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ደረጃውን በወረደች ቁጥር አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። "እንዴት ነው?" ስላት "ብርዱ ነው" ትላለች። በሙቀት ወራትም ብትጠይቋት "ብርዱ ነው" ነው የምትለው።

"ቤፑ ውሰጃት" ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤፑ የኪዩሹ ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከተራራው እስከ ባሕሩ ድረስ ከ2,000 በላይ የፍል ውሃ ምንጮች አሏት። በምንጭ ብዛት ጃፓን ውስጥ የሚስተካከላት ከተማ የለም። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ፍል ውሃ ኦንሰን ይሉታል።

"ፍልውሃ ልወስድሽ ነው" አልኳት።

"የት?"

"ባሕር ዳር።"

"ባሕር ዳር ፍልውሃ የለም" አለች ቆጣ ብላ። ያደገችው ጎጃም ነው፤ ስለ ባሕር ዳር ከእኔ አትማርም። የምለው የባሕሩን ዳር እንጂ የጎጃሙን ባሕር ዳር እንዳልሆነ እስካስረዳት ድረስ ትንሽ ተጨቃጨቅን። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ።

"ጠበሉ የማን ነው?"

"ጠበል አይደለም እማዬ። ፍል ውሃ ነው።"

"እሺ፣ ፍል ውሃው የማን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ዳዊቷን፣ በሶዋንና ሚጥሚጣዋን ሻንጣ ውስጥ ከትታ ተዘጋጀች።

ኅዳር 18፣ የመጀመሪያው ቀን

ከቶኪዮው ሐኔዳ አየር ማረፊያ ተነስተን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኦይታ አየር ማረፊያ ደረስን። ሻንጣ ስንጠብቅ በሚሽከረከረው ቀበቶ ላይ ከሰው ሻንጣ መሃል አንድ ግዙፍ ሱሺ መጣ። ከላዩ ሽሪምፕ ተጋድሞበታል። ለጌጥ የተሠራ ነው፤ አካባቢው በባሕር ምግብ እንደሚታወቅ ለማስታወቅ። እማዬ እያየችው አለፈ። ዞሮ ሲመለስ "ጾም ነው በያቸው" አለችኝ። ጾመ ነቢያት ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር።

እዚያው አየር ማረፊያው ውስጥ የእግር መታጠቢያ አለ። በነጻ ነው። ጫማን አውልቆ፣ ሱሪን ሰብስቦ፣ እግርን ፍል ውሃ ውስጥ መንከር ብቻ ነው። አውቶቡሱ ሊሄድብን ስለሆነ "ስንመለስ" ብያት አለፍን። ከዚያ እስከ ቤፑ አንድ ሰዓት አይሞላም። መንገዱ ወደ ከተማዋ ሲወርድ ከተራራው ሥር ከየቤቱ መሃል ነጭ ጭስ ይወጣል። እማዬ እሳት የተነሳ መሰላት። እንፋሎት ነው። ከተማዋ በሙሉ ድስት የተጣደባት ትመስላለች።

የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ። ባሕሩን ፊት ለፊት ያያል። መግቢያው ላይ ጫማ ይወልቃል። ክፍሉ ታታሚ የሚባል የሳር ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው፤ አልጋ የለም፣ ማታ ፍራሽ ያነጥፉልሃል። አንዲት ሴትዮ ተንበርክካ ሻይ ቀዳችልንና ዩካታ ሰጠችን። ዩካታ ስስ የጥጥ ካባ ነው። በሆቴሉ ውስጥ እሱን ለብሶ መዞር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ያልለበሰው ነው እንግዳ የሚመስለው። አንድ ሕግ ግን አለው። የግራው ጠርዝ ከላይ፣ የቀኙ ከሥር ይሆናል። የቀኙ ከላይ የሚሆነው ሬሳ ሲገነዝ ነው።

ይህን ስነግራት አልገረማትም። "ነጠላስ ቢሆን ለኀዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞር የለ?" አለችና በአንዴ አስተካክላ ለበሰችው። እኔ ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ አሁንም መስታወት ሳላይ አይሆንልኝም።

ወደ መታጠቢያው ወረድን። ነጠላዋን ክፍል ውስጥ ትታዋለች። ይህን ያዙልኝ።

የሴቶቹ በር ላይ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ጎን አንድ ማስታወቂያ አለ። አሥር ጊዜ ያየሁት ዓይነት ማስታወቂያ ስለሆነ ዓይኔ አልያዘውም። መጋረጃውን ልገልጥ ስል ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ የምትመስል ሠራተኛ ናት። ጎንበስ አለች። ቀና ብላ እማዬን አየችና ድጋሚ ጎንበስ አለች። ከዚያ ፊቷ ቀልቶ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ንቅሳት ያለበት ሰው ወደ ጋራው መታጠቢያ መግባት እንደማይችል ነገረችኝ።

እማዬ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ እስከ አንገቷ ግርጌ በረድፍ በረድፍ የወረደ ሰማያዊ። ግንባሯ ላይ ትንሽ መስቀል። ስንገባ ነጠላው ሸፍኖት ነበር።

"ምን አለች?" አለች እማዬ።

"ውሃው እየተቀየረ ነው አለች።"

ዋሸሁ። ልጅቷ በዚህ መሃል ሮጣ ሄዳ በሰው ቆዳ መልክ የተሠሩ ፕላስተሮች ይዛ መጣች። መዳፍ የሚያክሉ ናቸው። ንቅሳትን በእነዚህ ሸፍኖ መግባት ይፈቀዳል። አራት ሰጠችን። የእማዬን አንገት ለመሸፈን ግን እንኳን አራት አሥርም አይበቃም። ልጅቷም ይህን አየችና ሌላ መላ አመጣች፦ ጣሪያው ላይ ለብቻ የሚያዝ መታጠቢያ አለ፣ በነጻ ተጠቀሙበት። በየማለዳው ለእናንተ ይያዛል። እማዬ ፕላስተሮቹን በሁለት እጇ ተቀብላ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችና እንደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። ሁለቱ ተራ በተራ ሲጎነበሱ እኔ መሃል ቆሜ በንዴት እየነደድኩ ነው።

እራት ክፍላችን መጣ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ እንደማንበላ ከሳምንት በፊት ጽፌላቸው ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ እማዬ አትበላም፣ አለቀ። የጃፓን ሾርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደረቅ ዓሣ ነው የሚሠራው። የእኛን ግን የባሕር ቅጠል ቀቅለው ሠርተውታል። የቡዲስት መነኮሳት ምግብ ስለሆነ እንደሚያውቁት ነገሩኝ። ቶፉ፣ የተጠበሰ እንጉዳይ፣ የኦይታ ሎሚ የሚባለው ካቦሱ። በየጥቃቅኑ ሳህን እየመጣ አሥራ አንድ ደረሰ። እማዬ ቆጠረችው።

"መነኮሳቱ እንዲህ ከበሉ መቼ ጾሙ?" አለች።

ማታ ፍራሻችን ላይ ተጋድመን እውነቱን ነገርኳት። እዚህ አገር ንቅሳት የወንበዴ ምልክት ተደርጎ ነው የሚታየው፣ ያኩዛ የሚባሉት ገላቸውን ይነቀሳሉ፣ ሌላው እንግዳ እንዳይፈራ ሆቴሎች ይከለክላሉ አልኳት። ዝም አለች። ተቀየመች ብዬ ስሰጋ ፍራሹ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀች ነው።

"እኔ ወንበዴ!" አለች። "አባትሽ ይህን ሰምቶ ቢሆን።"

ነገሩ ከያኩዛም በፊት ነው የጀመረው። በድሮ ዘመን ሌባ ሲያዝ ክንዱን ወይም ግንባሩን ይነቅሱት ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1872 ደግሞ መንግሥት ንቅሳትን ጨርሶ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ1948 ነው። ያ ክልከላ የጎዳው ወንበዴውን ብቻ አልነበረም። በሰሜን አይኑ የሚባለው ነባር ሕዝብ ሴቶች ከንፈራቸውን፣ በደቡብ የኦኪናዋ ሴቶች የእጃቸውን ጀርባ ይነቀሱ ነበር። ለጌጥ፣ ለወግ፣ ለትዳር። እንደ እማዬ። ልማዱ በክልከላው ቀረ። በ2013 ደግሞ ፊቷ ላይ የባህሏ ንቅሳት ያለባት አንዲት የኒውዚላንድ ማኦሪ ሴት ሆካይዶ ውስጥ ከአንድ መታጠቢያ ተመልሳ ወሬው በዓለም ዞሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የጃፓን ቱሪዝም ኤጀንሲ ሆቴሎችን ጠይቆ ከመለሱት 56 በመቶው ንቅሳት ያለበትን እንደማያስገቡ ተናግረዋል። 13 በመቶው ከሸፈነው ይግባ ብለዋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የእናቴን አንገት ግን ከዚህ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ምክንያቱም የእሷን እንደ ንቅሳት አላየውም። አንገቷ ነው።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?" አልኳት በጨለማው።

"ዘጠኝ ወይ አሥር።" ነቃሿ ከሌላ ቀበሌ ነው የመጣችው። ሁለት አክስቶቿ እጅና እግሯን ያዙ። መርፌና ጥላሸት። ክፍያው አንድ ቅል ቅቤ ነበር። "ሁለት ቀን ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር" አለችኝ። "ሦስተኛው ቀን መስታወት ተውሼ አየሁትና ለሰው ላሳይ ገበያ ወጣሁ።"

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የወላጆች ቀን ነበር። በር ላይ ጠብቄያት "ነጠላሽን ከፍ አድርጊው" አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤቴ ስትመጣ አንገቷ ታይቶ አያውቅም። ለምን እንዳልኳት አልጠየቀችኝም። ይኸው እስከ ዛሬ አላነሳንባትም። ለዚያች ጎንባሳ ልጅ የነደድኩት ንዴት ግማሹ የማን እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ኅዳር 19፣ ሁለተኛው ቀን

ገና ሳይነጋ ጣሪያው ላይ ወጣን። መታጠቢያው ከጥድ መሰል እንጨት የተሠራ ገንዳ ነው፤ እንጨቱ በእንፋሎቱ ይሸታል። ወደ ገንዳው ከመግባት በፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገላን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ገንዳው የመዘፍዘፊያ እንጂ የመታጠቢያ አይደለም። ፎጣም ውስጡ አይገባም። ትንሿን ፎጣ ጭንቅላታቸው ላይ ነው የሚያስቀምጧት።

ያፈርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ፊት ራቁቴን ከቆምኩ ስንት ዘመኔ! እሷ ምንም አልመሰላት። "ወንዝ ወርደን ስንታጠብ ማን ልብስ ለብሶ ያውቃል?" ብላ እኔን ትታኝ ገባች። እስከ አገጯ ሰመጠችና ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። አየሩ ይቆነጥጣል፣ ውሃው ያቃጥላል። ከታች ባሕሩ እንደ ብረት ግራጫ ነው። ከኦሳካ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረው ትልቁ መርከብ መብራቱን እንዳበራ ቀስ ብሎ ገባ። ከዚያ ከባሕሩ ማዶ ሰማዩ ቀላ፣ ፀሐይዋ ብቅ አለች፣ የእማዬ አንገት ላይ ውሃው አበራ። በማታው ንዴቴ ስለዚያ ጣሪያ አንድም ደግ ነገር ላልጽፍ ወስኜ ነበር። አልሆነልኝም።

ቁርስ ላይ ችግር ተፈጠረ። እማዬ ከስድስት ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። ሴትዮዋ ያልተነካውን ትሪ ስታይ ደነገጠች። ምግቡ ጥፋት አለበት? ሾርባው ቀዘቀዘ? "ጾም ነው" ስላት ገባኝ አለች፤ ግን አስተናጋጇም፣ ምግብ አብሳዩም፣ በመጨረሻ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬም እየመጡ ይቅርታ ጠየቁን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሳችን በሳጥን ታስሮ ለምሳ ይሰጠን ጀመር።

ረፋዱ ላይ በአውቶቡስ ወደ ካናዋ ወጣን። እዚህና በአቅራቢያው ጂጎኩ የሚባሉ ሰባት ታዋቂ የፈላ ኩሬዎች አሉ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ደም የመሰለ ቀይ፣ አንዱ የሚፈነዳ ጭቃ። አይታጠቡባቸውም፣ ያዩአቸዋል እንጂ። እኔ ሞኟ ትኬቱ መቁረጫ ጋ ቆሜ "ጂጎኩ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተረጎምኩላት።

"ሲኦል?"

"ስሙ ነው እንጂ..."

"በጾም፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ በቁሜ ሲኦል?"

በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰባቱን የማሳየት ዕቅዴ እዚያው ሊቀበር ሲል "ባሕር" የሚል ስም ያለውን አንዱን ብቻ እንድናይ ለመንኳት። እሺ አለች፣ አማትባ ገባች። ውሃው ከመጠን ያለፈ ሰማያዊ ነው፤ ቀለም የጨመሩበት ነው የሚመስለው። ሙቀቱ 98 ዲግሪ ይደርሳል። እንፋሎቱ አንዴ ይሸፍነዋል፣ አንዴ ይገልጠዋል። እማዬ ወደ አጥሩ ተጠግታ አየችና ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ቅርጫት አሳየችኝ።

"ያ ምንድን ነው?"

"እንቁላል እየቀቀሉ ነው።"

"ሲኦል ላይ!" አለች፣ ፊቷ ላይ ግን ባለሙያ ሴት ሌላዋን ባለሙያ ስታይ የሚመጣው አድናቆት ነበር።

ቀዩን እምቢ አለች። አልገፋኋትም።

የካናዋ ዋናው ነገር ለእኔ ኩሬዎቹ አይደሉም፣ እንፋሎቱ ነው። ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት በድንጋይ ምድጃ ይዘው ምግብ ያበስሉበታል። አታክልቱን ትገዛለህ፣ ቅርጫት ውስጥ ታደርጋለህ፣ ምድጃውን ትከራያለህ፣ ክዳኑን ከፍተህ ታስገባለህ። ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ በቆሎ፣ ጥቅል ጎመን አስገባን። ሃያ ደቂቃ ገደማ። ዘይት የለው፣ ቅቤ የለው፣ ውሃ እንኳ የለው። እንፋሎቱ ትንሽ ጨው ጨው ስለሚል ራሱ ያጣፍጠዋል። እማዬ ስኳር ድንቹን ሰንጥቃ ቀመሰችና ቦርሳዋን ከፈተች። ሚጥሚጣ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ኮሪያውያን ሴቶች አዩዋት። ጋበዘቻቸው። አንደኛዋ አስነጠሳት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ሳህኗን አቀረበች። አንድ ቃል ሳይግባቡ ዱባና ጎመን ተለዋወጡ።

"ሲኦል ላይ የበሰለ የጾም ምግብ" አለች ስንነሳ። ቶኪዮ ከተመለስን በኋላም ለሰፈሩ አበሻ ሁሉ እንዲሁ ብላ ነው የነገረችው።

ከዚያው ሰፈር አንድ ጥንታዊ የእንፋሎት ቤት አለ። ኢፔን የሚባል መነኩሴ በ1276 የጀመረው ነው ይባላል። በትንሽ በር ጎንበስ ብለህ ትገባለህ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ መሬቱ ላይ ሽታ ያለው ቅጠል ተነጥፏል። በላዩ ትተኛለህ፣ ስምንት ደቂቃ። ልብስ ይለበሳል፣ ስለዚህ ስለ አንገት የሚጠይቅ አልነበረም። እማዬ በሩን በዳዴ ነው የገባችው። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ፦ "ወይባ ነው እኮ!" ስትወጣ ላቧ እየወረደ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ አብርቶ ነበር። መነኩሴ እንደጀመረው ስነግራት ለቀናት የጠበቀችውን መልስ ያገኘች መሰለኝ።

"መነኩሴ ካለበትማ ደህና ነው።"

ኅዳር 20፣ ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ዝናብ። ሚዮባን የሚባለው ከፍ ያለ ሰፈር ሄደን በሩብ ሰዓት ተመለስን። አየሩ ዲን ዲን ይሸታል። የሳር ጎጆዎች በረድፍ ተሠርተው ከውስጣቸው የመታጠቢያ ማዕድን ያመርታሉ። እማዬ ጎጆ ስታይ ናፍቆቷ መጣ፣ ዝናቡም በረታ።

ከሰዓት ታክሲ ይዘን ወደ ከተማው ወረድን። ሾፌሩ ሽማግሌ ነው፤ ነጭ ጓንት አድርጓል። ከየት ናችሁ አለ። "ኢትዮጵያ" ስለው መሪውን በአንድ እጁ መታ።

"አቤቤ!"

በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ልጅ ነበር። አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሜዳው ላይ ተጋድሞ እግሩን ሲያፍታታ በቴሌቪዥን አይቷል። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ እንዳልሞላው ሳይቀር ያውቃል። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ዳር አስፋልት እያመለከተ፣ ይህም የማራቶን መንገድ ነው አለኝ። ከ1952 ጀምሮ የቤፑ-ኦይታ ማራቶን ይሮጥበታል። ለእማዬ ተረጎምኩላት። "ነፍስ ይማር" አለች። ሾፌሩ ምን እንዳለች ሳይጠይቅ ራሱን ዝቅ አደረገ።

የምንሄደው ታከጋዋራ ወደሚባለው አሮጌ ሕዝባዊ መታጠቢያ ነው። የከተማው ነው፣ የሆቴል አይደለም። ማታ ማታ ስፈልግ ነበር ያገኘሁት፤ የቤፑ ሕዝባዊ መታጠቢያዎች ብዙዎቹ ንቅሳት አይከለክሉም። የመጀመሪያው ቤት የተሠራው በ1879 ነው፤ አሁን የቆመው ሰፊ ጣሪያ ያለው የእንጨት ሕንፃ የ1938 ነው። የመጀመሪያው የተሠራው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው አዲስ አበባ ላይ ከመስፈራቸው ጥቂት ዓመት ቀድሞ ነው ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት "ጣይቱ እኮ የጎጃምን ፍል ውሃ ቢያዩ ኖሮ..." ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም።

መጀመሪያ አሸዋው። ዩካታ ሰጡን፣ ጨለም ያለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አስገቡን። በፍል ውሃ የሞቀ ጥቁር አሸዋ ላይ ትተኛለህ፤ አካፋ የያዙ ሴቶች እስከ አንገትህ ይቀብሩሃል። አሸዋው ያልጠበቅሁትን ያህል ከባድ ነው። የልብ ትርታዬን በእግሬ ጣቶች ሰማሁት። ጎኔ የእማዬ ጭንቅላት ብቻ ይታያል፤ ፎጣ ተጠምጥሞበት፣ ዓይኗን ጨፍና። "ማርያም ማርያም" ትላለች መጀመሪያ። ከዚያ ዝም። ሩብ ሰዓት ሊሞላ ሲል ዓይኗን ሳትከፍት ተናገረች።

"አፈር ብርድ ነው ብዬ እፈራ ነበር። ይሄስ ሞቃት ነው።"

"ምን ትያለሽ እማዬ!"

"ምን አልኩ? ሞቃት ነው አልኩ።"

ከዚያ ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ሄድን። ደረጃ ወርደህ የምትገባበት ጥንታዊ ክፍል ነው። ሻወር የለም። በገንዳው ጠርዝ ዙሪያ ተቀምጠህ በሳህን እየቀዳህ ትታጠባለህ። የሰፈሩ አሮጊቶች አምስት ያህል ነበሩ። የገዛ ሳህናቸውንና ሳሙናቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ጨዋታው እንደ እኛ የቡና ጨዋታ ነው፤ የማን ልጅ ዳረች፣ የማን ባል ታመመ። እኛ ስንገባ ቆመ። ልቤም ቆመ። እማዬ ዩካታዋን አውልቃ፣ አንገቷን ገልጣ፣ ሰላም ለማለት ራሷን ዝቅ አደረገች። እነሱም ዝቅ አደረጉ። ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ።

ቆይቶ ከሁሉም የምታረጀው፣ ጀርባዋ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ተጠግታ ተቀመጠች። እማዬን አየቻት። ከዚያ በአንድ ጣቷ የራሷን አንገት በረድፍ በረድፍ እያሰመረች አንድ ቃል ተናገረች።

"ምን አለች?" አለች እማዬ።

"ቆንጆ ነው አለች።"

እማዬ ለሴትዮዋ ፈገግ አለችላት። ፊቷን ወደ እኔ ሳትመልስ፣ ውሃውን እያየች ጠየቀችኝ።

"አንቺስ?"

ሳህኑን ሞልቼ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። "ዙሪ" አልኳት፣ "ጀርባሽን ልሽልሽ።" ዞረች። ከአንገቷ ጀመርኩ። አሮጊቷ ደግሞ ፎጣዬን ነጥቃኝ እንዴት እንደሚታሽ አሳየችኝ፤ አስተሻሸቴ አልጣማትም።

ኅዳር 21፣ የመጨረሻው ቀን

ኅዳር ጽዮን። እማዬ ከእኔ በፊት ተነስታ፣ ነጠላዋን ለብሳ ዳዊቷን ደግማ ጨርሳለች። ጣሪያው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣን። ሦስት ጊዜ አማትባ፣ ሦስት ጊዜ በእጇ ውሃ ቀድታ ፊቷ ላይ ረጨች። የማን እንደሆነ ድጋሚ አልጠየቀችኝም።

ሒሳብ ስንዘጋ ያቺ ልጅ ራሷ ነበረች ሪሴፕሽን ላይ። ሒሳቡ ላይ የመታጠቢያ ግብር የሚባል አለ፤ ጃፓን ውስጥ ፍል ውሃ ያለበት ሆቴል ያደረ ሁሉ ይከፍላታል። እማዬ ባልገባችበት ገንዳ መክፈሏን ልናገር ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ግን ከጠረጴዛው ወጥታ ወደ እማዬ ሄደችና በእንግሊዝኛ፣ ተለማምዳ እንደመጣች በሚያስታውቅ ሁኔታ፣ "እናት፣ ይቅርታ" አለቻት። እማዬ አገላብጣ ሳመቻት። ልጅቷ በሕይወቷ እንደዚያ ተስማ የምታውቅ አይመስለኝም።

አየር ማረፊያው ጊዜ ነበረን። ቃሌን ጠብቄ ወደ እግር መታጠቢያው ወሰድኳት። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ላይ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ የሰው ቆዳ የሚመስሉ ፕላስተሮች ተለጥፈዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ያቺ ልጅ የሰጠችኝ ነዋ።" እግሯን ውሃው ውስጥ እየነከረች ጉልበቷን መታ መታ አደረገችው። "መድኃኒቱ ጥሩ ነው። የት እንደሚሸጥ ጠይቂልኝ፣ ለእቴቴም እወስድላታለሁ።"